ሙናዬ ክንዱ፣ ዕድሜ ዘጠኝ

የካቲት 5 ቀን 2018፣ ሐሙስ

ይህ ደብተር በሐኪም ትእዛዝ የተከፈተ ነው። ስለ ራሴ የመጻፍ ልማድ የለኝም።

ዛሬ ጠዋት የባለቤቴን የየትነበርሽን ድመት በዘንቢል ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድኩ። ከሁለት ላም፣ ከአንድ በቅሎና ከባለቤቶቻቸው ኋላ ተሰለፍኩ። ሰው ሁሉ ዘንቢሉን ያይ ነበር። ድመቷ ውሃ ትጠጣለች፣ ትሸናለች፣ ደግሞ ትጠጣለች። ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። የኋላ እግሮቿን እንደ ጥንቸል ምድር ላይ ጥላ ነው የምትራመደው።

ሐኪሟ ምስጢር ትባላለች፣ ገና ልጅ ናት። የድመቷን ጆሮ ወግታ ደሟን በትንሽ መለኪያ አየች።

«አያ ክንዱ፣ ስኳር ነው» አለችኝ።

«ድመት ስኳር አትልስም።»

«ስኳር ያለበት ሰውም ልሶ አይደለም የሚይዘው» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ትእዛዙ ይኼ ነው። በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ኢንሱሊን፣ በመርፌው ላይ አንድ መስመር ብቻ። መጀመሪያ ትበላለች፣ ከዚያ ትወጋለች። ምግቧ ሥጋ ነው፤ እህል አይሆንም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሽንቷ በወረቀት ይታያል። ሰውነቷ ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው የራሱን ስብ ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚወጣው መርዝ ኬቶን ይባላል። ወረቀቱ ወይን ጠጅ መልክ ካመጣ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ፣ ካልመጣሁ እንደምትሞት ነገረችኝ።

«ከሁሉ በላይ ሰዓት የሚያከብር ሰው ይፈልጋል» አለችኝ።

በጎንደር ከእኔ የበለጠ ሰዓት አክባሪ ካለ ታምጣው። ማንም ሳያስተምረኝ የአባቴን የኪስ ሰዓት ፈትቼ ገጥሜ ነው ሙያውን የያዝኩት። ሃምሳ ዓመት ሰዓት ስጠግን ኖሬያለሁ።

የትነበርሽ አዘዞ ልጃችን ዓይናዲስ ቤት ነች። አራስ ልትጠይቅ ነው የሄደችው። ስትሄድ «ሙናዬን አደራ» ብላኛለች። ሌላ ምንም አላለችም። ስለዚህ ስትመለስ ድመቷ መገኘት አለባት። መታመሟንም መስማት የለባትም።

የካቲት 6፣ ዓርብ

መድኃኒት ቤት። የሚሸጠው ወጣት መዝገብ ይሞላል።

«የታማሚ ስም?»

«ሙናዬ።»

«የእርስዎስ?»

«ክንዱ።»

«ዕድሜ?»

«ዘጠኝ።»

ብዕሩን አስቀመጠና ዓይኔን አየ። «አይዞዎት አባቴ። እግዚአብሔር ይማራት።»

«አሜን» አልኩ። ጸሎት እምቢ አይባልም።

ከኋላዬ ጎረቤታችን አበቡ የደም ግፊት መድኃኒቷን ልትገዛ ቆማ ነበር። ሰላምታ ሰጠኋት፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጉንፋን ይዟት ይሆናል።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ጠዋት 12፡00። በላች። አንድ መስመር። የሰዓት መሥሪያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ የጆሮዋን ሥር እንደ ክር አየሁት። ሐኪሟ ያዋሰችኝ የደም ስኳር መለኪያ 412 አለ፤ መውረድ አለበት።

ማታ 12፡00። በላች። አንድ። ነከሰችኝ።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾም ገባ። ልኳንዳ ቤቱ ሁሉ ተዘጋ። ከጎርጎራ ዓሣ ያመጣ የነበረው ሰውም መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ አልታየም። ቢመጣም ዓሣ በሁዳዴ ቤቴ አይገባም።

ነገሩን አሰብኩበት። የነነዌ ሰዎች ከብቶቻቸውን ጭምር ነው ያስጾሙት። ተጽፏል። ድመቷም የክርስቲያን ቤት ድመት ናት። ሽሮ ፍትፍት ሰጠኋት። በላች።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ሽሮ። ቁጥር 455።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ሽሮ። ቁጥር 498። ወረቀቱ ትንሽ ሮዝ አለ።

ለሐኪሟ ደውዬ ስለ ነነዌ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና «አያ ክንዱ፣ የነነዌ ድመቶች ስኳር አልነበረባቸውም። ደግሞስ የእነሱ ሦስት ቀን ነው፣ የእርስዎ ኀምሳ አምስት» አለችኝ።

ነገሯ ልክ ነው።

የካቲት 13፣ ዓርብ

በዚህ ወቅት ሥጋ የሚገኘው አዲስ ዓለም፣ እስላሞቹ ሰፈር ነው። የእነሱም ጾም ገብቷልና የሚከፍቱት ከቀትር በኋላ ነው። በዘንቢሌ ላይ ጋዜጣ ደርቤ አሥር ሰዓት ላይ ሐምዛ ሥጋ ቤት ደረስኩ። ከዚህ በፊት ሰዓቱን ጠግኜለት አውቀዋለሁ።

«አያ ክንዱ! ምነው፣ መንገድ ጠፋባችሁ?»

«አልጠፋብኝም። ሩብ ኪሎ ቀይ ሥጋ። ጮማ አልፈልግም።»

ሐምዛ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ሁዳዴ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ደግሞስ የእኛን እርድ...»

«እኔ አልበላውም። ታማሚ አለብኝ።»

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀም። ጨዋ ሰው ነው። እሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚጾም፣ እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የምጾም፣ ሁለታችን ከንፈራችን ደርቆ በአንዲት ቁራጭ ሥጋ ላይ አጎንብሰን ጅማቱን ስንለቅም ቆየን። «ይቺ ለታማሚ ሸጋ ናት» አለና ከጀርባው የቀላውን መረጠልኝ።

ስወጣ የሰበካችን ሁለት ሴቶች በመንገዱ ማዶ ቆመው አየሁ። ሰላም አልኳቸው።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

12፡00። ሥጋ። አንድ። 340።
12፡00። ሥጋ። አንድ። 318። አልነከሰችኝም።

ሽንቷን ለመያዝ ጥሩ ዘዴ አገኘሁ። አሸዋ ይመጠዋል። ፌስታል ቆራርጬ በምትሸናበት ሳህን ሞላሁት፤ ሽንቱ ከሥር ይጠራቀማል። ወረቀቱ መልኩን አልለወጠም። ይህን ዘዴ ያስተማረኝ የለም።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ቦኖ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር።

«ዘጠኝ ዓመቷ ነው አሉ» ትላለች አበቡ። «ስኳር አለባት፣ ሚስኪን። እናቷ አዲስ ዓለም ነው የምትኖረው።»

«እና በጾም ሥጋ ይዞላቸው ይሄዳል?»

«በዘንቢል! ሚስቱ ይኼን ሰምታ ነው ጥላው የሄደችው።»

ሲያዩኝ ዝም አሉ። የማንን ነገር እንደሚያወሩ አልሰማሁም። በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ ያሳፍራል። ልጂቱን ግን እግዚአብሔር ይማራት፤ የስኳርን ነገር አሁን አውቀዋለሁና።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

የትነበርሽ ከሄደች ሁለት ወር አለፈ። የልጁ ክርስትና ከተነሣ ወር ሆነው። አራስ የሚባለው እስከ መቼ እንደሆነ የሴቶች ጉዳይ ነው። አዘዞ በሚኒባስ ሃያ ደቂቃ ነው። እኔም ሥራ አለብኝ።

በክርስትናው ዕለት ምሳ ስድስት ሰዓት ነው ተብዬ ስድስት ሰዓት ደረስኩ። በሰባት ሰዓት ሰፌዱ እንኳ አልቀረበም። አማቼ አንዱዓለም «ትንሽ ይታገሡ አባባ፣ እንግዶች እየመጡ ነው» አለ። ተነሥቼ ሄድኩ። ሰዓት ሰዓት ነው። የትነበርሽ በር ድረስ ተከትላኝ «አንተ ሰዓት እንጂ ሰው አታይም» አለችኝ።

ይህ ትክክል አይደለም። ብዙ ሰው አያለሁ።

የካቲት 27፣ ዓርብ

የንስሐ አባቴ አባ ገብረ ኢየሱስ ሳይጠሩ መጡ። ተቀመጡ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ፦

«ልጄ ክንዱ፣ ሰው ይሳሳታል።»

«እውነት ነው አባ።»

«ሽማግሌም ቢሆን ይሳሳታል።»

«ብዙ አይቻለሁ።»

«ልጅ ግን ምን ኃጢአት አለባት? ሙናዬን አምጣትና ጥምቀቷን እንፈጽም።»

በመጀመሪያ ያረጁ መሰለኝ። ከዚያ ቦኖው ጋ የሰማሁት፣ መድኃኒት ቤቱ፣ የአበቡ ነጠላ፣ ሁሉም እንደ ሰዓት ጥርስ ገጠመ። ድመቷ በዚያው ጊዜ ከአልጋው ሥር ወጥታ ሄዳ የአባን ቀሚስ ታከከች።

«ሙናዬ ይቺ ናት» አልኩ።

አባ ሲስቁ ጥምጣማቸው ተፈታ። ከዚያ «ተነሥ፣ አሁኑኑ ለሕዝቡ እንንገር» አሉ።

«አይነገርም። ለየትነበርሽ ይደርሳል።»

«ሌላ ሚስት አለው ሲባል ነው የሚሻልህ?»

«ያ ውሸት ነው፣ ምንም አያደርገኝም። ድመቷ መታመሟ ግን እውነት ነው። አሁን የነገርኩዎትም በንስሐ ነው፣ አባ።»

«ድመት በንስሐ አይያዝም!»

«ተነግሮዎታል። አበቃ።»

ጥምጣማቸውን እያሰሩ ወጡ። ስለ ሥጋው ግን እንስሳ ጾም እንደሌለባት ነግረውኛል። እኔም በነነዌው ነገር ቸኩዬ ነበር ማለት ነው።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

12፡00። ሥጋ። አንድ። 221።
12፡00። ሥጋ። አንድ። 198።

የትነበርሽ ደወለች።

«ሙናዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ትበላለች?»

«ትበላለች።»

«በጾም ምን ትበላለች?»

«ያለውን።»

ከወዲያ የሆነ ድምፅ መጣ፤ እንደ ሳል፣ እንደ ሳቅም። ኔትዎርኩ ተበላሽቷል።

«ሌላ የምትነግረኝ የለም?»

«የለም።»

«ሸጋ። እንግዲያው ደህና ዋል» አለች። ስልኩን ዘጋችው።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

176። እግሮቿ ቀጥ ብለዋል። የመደርደሪያዬ አናት ላይ ዘልላ ወጥታ የሦስት ሰው ሰዓት ጣለች። አልተቆጣሁም። ከወር በፊት ወንበር እንኳ አትሞክርም ነበር።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

የሐምዛ ዒድ ነው። ለታማሚዋ ብሎ ሙሉ ሳንባ በነፃ ሰጠኝ። «ልጂቱ እንዴት ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱም ሰምቷል ማለት ነው። «ዘልላ መደርደሪያ ላይ ትወጣለች» አልኩት። «ማሻአላህ!» አለ። አልዋሸሁም።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

መብራት ከትናንት ጀምሮ ይጠፋል፣ ይመጣል። ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም። ሐኪሟ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፣ የበረዶው ክፍል ግን አይሁን ብላ ነበር። ልጅ ናት። መብራት ሲጠፋ ቶሎ የማይሞቀው የበረዶው ክፍል እንደሆነ ማንም ያውቃል። ጠርሙሱን እዚያ አስገባሁት።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

298። መለኪያው ተሳስቷል።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

377። መለኪያውን ፈትቼ አጸዳሁት፣ ገጠምኩት። ምንም ጉድለት አላገኘሁበትም። በራሴ ጣት ሞከርኩት፤ 96። መለኪያው ደህና ነው።

ስለዚህ ሥጋው ነው። ሐምዛ ጮማ ቀላቅሎብኛል።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ሐምዛ ጮማ አልቀላቀለም። ሥጋውን በመነጽሬ አየሁት። 430። ውሃ ብቻ ነው የምትጠጣው። ማታ ግማሹን ተወችው።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ወረቀቱ ወይን ጠጅ ሆነ።

ሄድኩ። ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ቅዳሜ በመሆኑ ሐኪሟ ቤቷ ነበረች፤ በቤቷ በር ቆሜ ጠራኋት። ከቆዳዋ ሥር ውሃ ሰጠቻት። ከዚያ ጠርሙሱን ያሳዩኝ አለች። ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው። ውስጡ እንደ ረጋ ወተት ቅንጥብጣቢ ይንሳፈፍበታል።

«አያ ክንዱ፣ ይኼ በረዶ ሆኖ ነበር?»

የዘንቢሉን ክዳን ማስተካከል ጀመርኩ።

«በረዶ ከሆነ መድኃኒትነቱ ይሞታል። አምስት ቀን ሙሉ ውሃ ነው ሲወጓት የነበረው።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አዲስ ጠርሙስ ሰጠችኝ። አሁን ዋናው ነገር እንድትበላ ነው አለች፤ ካልበላች ኢንሱሊኑም አይረዳትም። እስከ ነገ ማታ ካልበላች ተስፋ እንዳላደርግ ነገረችኝ።

12፡00። አልበላችም።

ሥጋውን ፈጨሁት። በጣቴ አቀረብኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለብ አደረግሁት። አዞረች። ሳንባውን አመጣሁ። እሱንም አልነካችም።

በረዶው ክፍል አይሁን ብላኝ ነበር። በግልጽ ነው የተናገረችው።

መጋቢት 20፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አሁንም አልበላችም። ለሐኪሟ ደወልኩ። «የምትወደው ሰው የለም? ከሌላ እጅ ይሞክሩ» አለችኝ።

አለ።

ዘንቢሉን አነሣሁ። አዘዞ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «አባባ፣ ዶሮ ከኋላ ነው» አለኝ።

«ዶሮ አይደለችም። ድመት ናት፣ ስኳር አለባት፣ ኬቶኗ ከፍ ብሏል። ከፊት ነው የምትቀመጠው።»

መኪናው ሁሉ ዘወር ብሎ አየኝ። ሹፌሩ «ወደፊት ይምጡ አባቴ» አለና ወንበር አስለቀቀልኝ። አንዲት ሴት «እግዜር ይማራት» አለች። «አሜን» አልኩ።

በሩን የከፈተው አንዱዓለም ነው። እጁ እርጥብ ነበር፤ የልጁን ጨርቅ ሲያጥብ አገኘሁት። ምን እንደምለው ሳላውቅ «የትነበርሽ አለች?» አልኩ። ከኋላው መጣች። እኔን ሳይሆን ዘንቢሉን አየች፤ ከዚያ እጆቿን ዘረጋች።

«ነይ እስቲ፣ ሙናዬ ክንዱ» አለች።

እዚያው ደፍ ላይ ደርቄ ቀረሁ። «አውቀሽ ነበር?»

«አበቡ መድኃኒት ቤት ባየችህ ማግስት ደውላልኝ እያለቀሰች፣ ‘እሙዬ፣ ባልሽ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ አለችው፣ ስሟ ሙናዬ ይባላል’ ስትለኝ፣ ሳቄን ትራስ ነክሼ ነው ያሳለፍኩት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተስ ምነው ዝም አልክ? በየቀኑ ዛሬ ይነግረኛል፣ ዛሬ ይመጣል እያልኩ ጠበቅኩህ።»

መሬት ላይ ተቀምጣ ድመቷን ጭኗ ላይ አደረገቻት። ሥጋውን በጣቷ ጫፍ አፏ ላይ ቀባችላት። ላሰችው። ደግማ ቀባችላት። ሦስተኛውን ራሷ በላችው። ቆሜ እያየሁ ነበር፤ የቤቱ ጭስ ዓይኔን አስቸገረኝ።

«መድኃኒቱን በረዶ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ሐኪሟ አትድርግ ብላኝ ነበር። ተሳሳትኩ።»

የትነበርሽ ቀና አለች። ዓይናዲስ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ድገመው» አለች የትነበርሽ።

«አንድ ጊዜ ተብሏል።»

12፡00። በላች። አንድ መስመር።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

310። ወረቀቱ ከወይን ጠጅ ወደ ሮዝ ወርዷል።

እዚህ የምተኛው ሳሎን ነው። የልጁ ስም ባምላክ ነው። ትናንት ዓይናዲስ «አንድ ጊዜ ያዝልኝ» ብላ ጭኔ ላይ ጥላው ሄደች። ጆሮው የአንዱዓለም ነው። ይሁን እንጂ ጣቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ለጥቃቅን ሥራ የሚሆን ጣት ነው። ጣቴን ይዞ አልለቅም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። በግድ ማስለቀቅ ስላልፈለግሁ እስኪነቃ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

12፡00። በላች፣ ከእኔም እጅ። አንድ። 205። ወረቀቱ ጠራ።

አንዱዓለም መርፌ ልማር አለ። በሎሚ ላይ አስለመድኩት። እጁ ከባድ አይደለም። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለየትነበርሽ ግን ነገርኳት፣ እሷም ነገረችው።

አባ ገብረ ኢየሱስ ደወሉ። አበቡ በየቤቱ እየዞረች ይቅርታ በሉልኝ ትላለች አሉ። የትነበርሽ ራሷ ደውላ ነው ያስረዳቻት። ሐምዛም የላከልኝ ሰላምታ ደርሶኛል፤ ታማሚዋ ድመት መሆኗን ሲሰማ ለድመት ከሆነማ አጥንቱን ሁሉ አስቀምጥላት ነበር አለ አሉ።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ወረቀቱ ለሦስተኛ ቀን ንጹሕ ነው። 168። ሐኪሟ በስልክ «ሙናዬ ተርፋለች፣ አያ ክንዱ» አለችኝ። ደብተሩን መያዝ አሁን ግድ አይደለም አለች። የተጀመረ ነገር አይቋረጥም አልኳት።

ነገ ሆሳዕና ነው። የትነበርሽ ልብሷን በሻንጣ አጣጥፋ ጨርሳ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። «በል ተነሥ፣ ቤታችን እንግባ። በሰሞነ ሕማማት ከደብርህ ቀርተህ አታውቅም።»

እውነቷን ነው፣ ቀርቼ አላውቅም።

ሙናዬ በፀሐይ ላይ ተዘርግታ ነበር። ባምላክ አጠገቧ ጨርቁ ላይ ተኝቶ ጭራዋን ያያል። አየኋቸው።

«አሁን ድመቷን በሚኒባስ ማናወጥ አይገባም» አልኩ። «ስግደቱን እዚሁ ተክለ ሃይማኖት ብሰግድ ያው ነው። ጾሙን እዚህ ብንፈታስ? እስከ ዳግም ትንሣኤ ብትቆይ ይሻላታል።»

«ለማን? ለሙናዬ?»

«ለሙናዬ ነዋ።»

የትነበርሽ ነጠላዋን አወለቀች። ሻንጣውን ይዛ ወደ ጓዳ ስትመለስ ከዓይናዲስ ጋር ሲሳሳቁ ሰማሁ። በምን እንደሚስቁ አልጠየቅኩም። ሐኪሟ ራሷ እንቅስቃሴ ይቀነስ ብላለች። ማለትም፣ ብትጠየቅ ትላለች።